ሲቸግርም የሚቀመጥ እፍኝ
(በዩኒየናችን 25ኛ ዓመት የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ መሠረታዊ ማኅበር የመጋዘን ኃላፊ የቀረበ ንግግር)







የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ በዚህ መድረክ ላይ እንድናገር ሲጋብዘኝ መጀመሪያ ያልኩት «ደህና ተናጋሪ ጠፋ ወይ?» ነበር። እኔ የመጋዘን ሰው ነኝ። የማውቀው ሚዛን፣ ከረጢትና ነቀዝ ነው። ይሁን እንጂ የተሰጠኝ ርእስ «ገንዘብ ባጠረበት ጊዜ በየቀኑ ትንሽ መሥራትና ለሌላው መስጠት» የሚል ሆነ። ይህ ደግሞ ቁልፉን ከያዝኩት መጋዘን ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ከእኛ ማኅበር የመጣችሁም በዚሁ ጉዳይ ላይ ሳንወስን የተለያየን መሆኑን ታውቃላችሁ። ስለዚህ እሺ ብዬ መጣሁ።

ለሌሎቻችሁ ላስረዳ። በማኅበራችን ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ «የእፍኝ እህል» የምንለው ልማድ አለ። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንዳንድ አባላት «ኑሮው እስኪረጋጋ ድረስ እፍኙ ይቁም» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ገሚሱ ደገፈ፣ ገሚሱ ተቃወመ፣ ቀኑም መሸና ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላለፈ። ሐሳቡን ያቀረቡት ሰዎች ንፉጎች አይደሉም። አንደኛው ደቦ ሲጠራ ከሁሉም ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። ያነሱት ምክንያትም ሐሰት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ ከዓመት በፊት ከከፈልነው ከሁለት እጥፍ በላይ ሲሆን ሁላችንም አይተናል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዘይቱም፣ ሳሙናውም፣ የልጆች ደብተሩም ምን ያህል እንደጨመረ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። እንግዲህ እኔ ዛሬ የምናገረው እፍኙ እንዳይቆም ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ እንዲቆም እጃቸውን ካወጡት ሰዎች አንዱ እኔው ራሴ እንደነበርኩ ቀድሜ ልናዘዝ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ልማዱ የተጀመረው በስብሰባ አይደለም፤ በወፍጮ ቤት ደጃፍ ነው። 2000 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የእህል ዋጋ የናረበት ዓመት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የእህል ዋጋ ሲወደድ ገበሬ ተጠቀመ ይባላል። የሚሸጥ የነበረው ተጠቅሟል። ሐምሌ ላይ ጎተራው የተራገፈበት ገበሬ ግን እንደ ከተማው ሰው ሸማች ነው። በዚያ ሐምሌ አንድ ጎረቤታችን ከጥንድ በሬው አንዱን እየነዳ ወደ አረርቲ ገበያ ሲሄድ እህል ሊያስፈጩ የተሰለፉት ሴቶች አዩት። በሐምሌ በሬ የሚሸጥ ሰው ለምን እንደሚሸጥ አይጠየቅም። በሬው አንድ ከቀረ በኋላ መቀናጆ መፈለግ ነው። በመቀናጆ የሚያርስ ሰው ደግሞ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል፤ እርጥበቱ ግን እሱን አይጠብቀውም። እንዲህ ሆኖ አንድ ኩንታል እህል ያጣ ቤት ሦስትና አራት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል።

ሴቶቹ ያን ዕለት ተነጋግረው ስድስት ሆነው ጀመሩት። አሠራሩ ቀላል ነው። በየቀኑ ለቤት የሚሆነው እህል ሲሰፈር አንድ እፍኝ ተነሥቶ ለብቻው በተቀመጠ ማሰሮ ይጨመራል። እፍኝ ስንል ሁለት እጅ ገጥሞ የሚዘገነውን አይደለም፤ የተስማማነው በአንድ እጅ ጭብጥ ነው። ወሩ ሲያልቅ ማሰሮው ወደ መጋዘን ይመጣል። ጤፍ ከጤፍ፣ ስንዴ ከስንዴ ጋር ይገባል። ክረምት ሲደርስ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ለጨነቀው ቤት ይሰጣል። የደረሰለት ሰው አዝመራ ሲገባ የቻለውን ይመልሳል፤ ያልቻለም አይከሰስም። የሚሰጠውም ለዘር ሳይሆን ለቀለብ ነው፤ ቀለብ ካገኘ ዘሩን አይበላም፣ በሬውንም አይሸጥም።

መጀመሪያ ላይ «ለምን በወር አንድ ጣሳ አናዋጣም? ያው አይደል ወይ?» ብዬ የተከራከርኩ እኔ ነኝ። በስሌት ያው ነው። ሁለት ወር ሞከርነው፤ አልሆነም። ጣሳው ከጎተራ ሲወጣ ይታያል፣ ያሳሳል፣ «በሚቀጥለው ወር» ያሰኛል። እፍኙ ግን ልጅ እያለቀሰ፣ ድስት እየገነፈለ በመሀል የሚደረግ ነገር ስለሆነ ማንም አይከራከረውም። ይህን ያወቁት ሴቶቹ ናቸው፤ እኔ በሚዛኔ አላወቅሁትም።

ሚዛን ካነሣሁ አይቀር ቁጥሩን ልንገራችሁ። የአሥር እናቶችን እፍኝ እየተቀበልኩ መዘንኩ። እጅ እንደ ባለቤቱ ነው፤ ትልቅም ትንሽም አለ። በአማካይ ወደ 50 ግራም መጣ። በወር አንድ ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ዛሬ 140 ቤተሰብ ስለሆንን በወር 210 ኪሎ፣ በዓመት 25 ኩንታል ከ20 ኪሎ ይሆናል። ይህ በወረቀት ነው። በተግባር የሚረሳ አለ፣ የታመመ አለ፣ የተጣላም አለ። በሚዛን ያለፈው በደህናው ዓመት 19፣ በመጥፎው 16 ኩንታል ነው። በዕለት ደራሽ ርዳታ ጊዜ ለአንድ ሰው በወር የሚሰፈረው 15 ኪሎ እህል ነው። በዚህ ስሌት አንድ ኩንታል አምስት ነፍስ ያለበትን ቤት 40 ቀን ያቆየዋል። እነዚያ 40 ቀናት ናቸው በሬ የሚያሸጡት። በመጥፎው ዓመት እንኳን 16 ቤቶች ተሻገሩበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን በየስብሰባው ስለምንሰማው አልደግመውም፤ ይሁንና ሎሚውን በሚዛን አስቀምጦ ያየ ሰው ይበልጥ ያምነዋል።

አሁን ወደዚያ ወደ ማልወደው ዓመት ልመለስ።

በ2007 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ እንዴት እንደነበር ታውቃላችሁ። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የዕለት ርዳታ ያስፈለገበት ድርቅ ነው። የእኛ አካባቢ ከሌላው ሲነጻጸር ደህና ነበር ይባላል፤ ሆኖም አዝመራው ግማሽ ነበር። ጥር 2008 ዓ.ም. በተደረገው ጉባኤ «ዘንድሮ እያንዳንዱ ለራሱ ይሁን» የሚል ሐሳብ ሲነሣ እኔም እጄን አወጣሁ። ያን ጊዜ ትክክል መስሎኝ ነበር። ሰው ሳይኖረው ስጥ ማለት ግፍ መስሎኝ ነበር። ማሰሮዎቹ ቆሙ።

ምን አተረፍን? በዓመቱ መጨረሻ አንዱንም ቤት «እፍኙ በመቆሙ ምን ተረፈህ?» ብዬ ብጠይቅ መልስ ያለው አላገኘሁም። በእኔ ቤትም አልታየም። በቀን 50 ግራም ተበልቶ አልቋል፣ ማንም ሳያውቀው።

የጎደለው ግን ታየ። በሠፈራችን አንድ እናት አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም። ባለቤታቸውን ካጡ ቆይተዋል። ሁለት ጥማድ ጥቁር አፈር አላቸው፤ በየዓመቱ ነሐሴ መጨረሻ፣ መስከረም መግቢያ ላይ ሽምብራ ያስዘሩበታል። በከተማችን ስም «አረርቲ» የሚባለውን ነጩንና ደልደል ያለውን ዘር ነበር የሚዘሩት። ለሁለት ጥማድ ከ60 ኪሎ በላይ ዘር ይፈልጋል። ያን ክረምት ቀለብ ሲያልቅባቸው ዘሩን ቀቅለው በሉት። መስከረም 2009 ዓ.ም. ሲገባ የሚዘሩት ስላልነበራቸው መሬቱን ለሁለት ዓመት ኮንትራት ሰጡት። በስንት እንደሰጡት ብናገር አፍራለሁ። ማሳው ከእኔ ማሳ ጋር ይዋሰናል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ሲያርሰው፣ ሌላ ሰው ሲያጭደው ጠዋትና ማታ እያየሁ አለፍኩ።

አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። «እትዬ፣ ለምን አልነገሩንም? እፍኙ ቢቆምም እኛ እኮ አለን» አልኳቸው። የመለሱልኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ልጄ፣ ድሮ ስጠይቅ የራሴን ነበር የምጠይቀው። ማሰሮዬን ተሸክሜ ስመጣ ታየኝ አልነበር? ማሰሮው ሲቆምማ በምን ፊቴ?» አሉኝ።

እኔ እፍኙን እስከዚያ ቀን ድረስ የማየው ካለው ወደሌለው እንደሚሄድ እህል ብቻ አድርጌ ነበር። ለካ የሌለውም እየሰጠ ነው የሚኖረው። በወር ያችን አንድ ኪሎ ተኩል የምታመጣ እናት ሐምሌ ላይ መጥታ ኩንታል ስትወስድ ለማኝ አይደለችም፤ አባል ናት። እኛ ጥር ላይ እጃችንን ስናወጣ የዘጋነው መጋዘኑን ብቻ መስሎን ነበር። የሚገባበትንም በር አብረን ዘጋነው። ይህን ካወቅን በኋላ ጥር 2009 ዓ.ም. እፍኙ እንደገና ተጀመረ፤ እትዬም ማሰሯቸውን ይዘው ከመጡት የመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበሩ። መሬታቸው ያን ጊዜ ገና በሰው እጅ ነበር።

ስለ መስጠት ይህን ካልኩ ኮሚቴው ስላዘዘኝ ስለ ዕለት ሥራም ጥቂት ልበል። ነገሩ ከማሰሮው የራቀ አይደለም። ኑሮ ሲከብድ ሰውን የሚጥለው እጦቱ ብቻ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ የሚጎድለውን መቁጠሩም ነው። ይህን ስል «ድህነት ከሐሳብ ነው» የሚሉ አሠልጣኞች እንደሚሉት ማለቴ አይደለም። የሐሳብ ለውጥ ማዳበሪያ አይገዛም። የምለው ሌላ ነው። በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያው ዋጋ ሲነገረን ሳምንት ያህል ከቤት አልወጣሁም ማለት ይቻላል። ለሦስት ኩንታል ያሰብኩት ብር አንዱን ገዝቶ ብዙም አልተረፈውም። በመጨረሻ የትምህርት ቤት ተማሪ የሆነችው ልጄ ያላለቀ ደብተሯን ሰጥታኝ «አባዬ፣ እኛ የሠራነውን ለመምህር እንደምናሳየው አንተም ማታ ማታ የጨረስከውን ጻፍ» አለችኝ። ለማስደሰት ብዬ ጀመርኩ።

አሁንም ደብተሩ አለ። የተጻፈው እንዲህ ያለ ነው፦ «ሐምሌ 9፣ የታችኛው ማሳ ፈሰስ ተጠረገ። ሐምሌ 10፣ አንድ ቅርጫት አመድና አረም ጉድጓድ ገባ። ሐምሌ 11፣ ዝናብ፤ የማረሻው እርፍ ተበጀ። ሐምሌ 12፣ ምንም።» ምንም ያልኩበትም ቀን አለ፤ እሱም ይጻፋል። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፦ የጀመርኩትን አልጽፍም፣ የጨረስኩትን እንጂ። ትንሽም ቢሆን ያለቀ መሆን አለበት። ጥቁር አፈር ላይ የምታርሱ ታውቃላችሁ፤ አንድ ፈሰስ ሳይጠረግ ካደረ ውኃው ይተኛና ቡቃያው ቢጫ ይሆናል። ይህ ብር የማይጠይቅ፣ ግማሽ ቀን ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

የተፈጥሮ ማዳበሪያውም በዚሁ መንገድ ነው የሆነው። በቀን አንድ ቅርጫት። እዚህ ላይ ከባለቤቴ ጋር መከራከራችንን አልደብቅም። እበቱን ጉድጓድ ስከት «ኩበቱን ቀበርከው፤ እንጀራውን በምን ልጋግርልህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በእኛ አገር ማገዶ የለም። ተደራድረን እበቱን ለሁለት ከፈልነው፤ የቀረውን በአመድ፣ በአረምና በገለባ ሞላሁት። ከሦስት ወር በላይ ወስዶ ያንን ያገኘሁት ለአንድ ጥማድ የሚሆን ነው። የተገዛውን ማዳበሪያ አልተካም፤ አገዘው። ያን ዓመት ግን ወደ አራጣ አበዳሪ አልሄድኩም። ጉድጓዱን እያየሁ ከሰው ጋር ለመነጋገርም አፌ ተፈታ። የጎረቤቴን ማሳ ፈሰስ ከእኔ ጋር አብሬ የጠረግሁትም ያን ክረምት ነው። ደብተሩ ላይ «የጎረቤት ፈሰስ» ተብሎ አንድ መስመር ሞልቷል።

ሁሉም ሰው እህል ይሰጥ አልልም። ጥንድ በሬውን አንድ ጠዋት የሚያውስ አለ። ሞባይል ያለው ልጅ የገበያውን ዋጋ ደውሎ ለሠፈሩ ይነግራል። ሚዛን ማንበብ የሚችል፣ ለማያነብ ሰው ነጋዴው ሲመዝን አጠገቡ ይቆማል፤ ይህኛው ከብዙ እፍኝ ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። እፍኙ በግድ ከሆነ ሞተ። በዕድሜ የገፋችሁ የደርግን ዘመን የአምራቾች ማኅበር ታስታውሳላችሁ። መዋጮ በስም እየተጠራ፣ ያልሰጠ እየተገሠጸ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ሰዉ በሬውንና መሬቱን ለመከፋፈል ሳምንት እንኳን አልታገሠም። ከዚያ በኋላ «መዋጮ» የሚለው ቃል ራሱ ለብዙ ዓመት ጆሮ ያቆስል ነበር። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የሰጪው ስም ጉባኤ ላይ አይነበብም። አንድ ዓመት ለማበረታታት ተብሎ ተነበበ። በሚቀጥለው ወር አምስት ማሰሮ ቀረ፤ አምስቱም ከድኃ ቤት የሚመጡ ነበሩ። መዝገቡን የምናውቀው እኔና ኦዲተሩ ብቻ ብንሆን ይበቃል።

እንግዶቻችን ከኅብረት ሥራ ትምህርት ስለ ሮችዴል አቅኚዎች ሰምታችኋል። እንግሊዝ አገር የነበሩ 28 ሰዎች፣ ሸማኔዎችም ያሉባቸው፣ በሳምንት ሁለት ሁለት ፔንስ እያጠራቀሙ 28 ፓውንድ አድርሰው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1844 ሱቃቸውን ከፈቱ። ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ አጃና ሻማ ነበር የያዙት። በመጀመሪያ በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ ነበር የሚከፍቱት። ሥልጠና ላይ ይህ ሲነገር የሚጨበጨበው በዓለም ላይ ስለተስፋፋው ነገር ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሁለት ፔንስ ማውጣት የሚከብዳቸው ሰዎች በየሳምንቱ ማውጣታቸው ነው። በተመሳሳይ ዘመን ጀርመን አገር ራይፋይዘን የተባለ የገጠር ሹም እ.ኤ.አ. በ1846/47 የረሃብ ክረምት ለድኆች ዱቄትና ዳቦ ያቀረበው ሀብታሞችን አስተባብሮ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ የባለጸጋ ልግስና እንደማይዘልቅ አይቶ ማኅበሩን በራሳቸው በተጠቃሚዎቹ ላይ መሠረተው። እትዬ ይህንን ታሪክ ሳይሰሙ ነው የነገሩኝ።

እንግዲህ ለሚቀጥለው ጉባኤ የማቀርበውን ከወዲሁ ልናገር፤ ልማዱን ለመጀመር አስበው አሠራሩን የጠየቁን ሁለት ማኅበራትም ስላሉ ይጠቅማቸው ይሆናል። እፍኙ አይቁም። የጨነቀው ቤት ግን ግማሽ እፍኝ ያስቀምጥ፤ እሱም ካቃተው በሳምንት አንድ ቀን ያስቀምጥ። ማሰሮው ባዶውን እንዳይቀመጥ ብቻ ነው የምጠይቀው። ተበድሮ ግን ማንም አይስጥ። ባለፈው ዓመት አንድ አባላችን ሰው ምን ይለኛል ብሎ ከሱቅ በዱቤ ጤፍ ገዝቶ ማሰሮውን መሙላቱን ሰምቼ አዝኛለሁ። እኔ ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ማሰሮውን ይዞ እንዲመለስ አደርገው ነበር።

ለዩኒየናችን ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በዓል ላይ ጥያቄ ማቅረብ ነውር ካልሆነ። የአባላት እፍኝ የዩኒየኑን ድርሻ አይሸፍንም። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከሰበሰብነው እህል ሁለት ኩንታል ያህል ነቀዝ በልቶብናል። ያን ለመሰብሰብ 4,000 ጊዜ እጅ ወደ ጎተራ ገብቷል፤ ቁጥሩን የፈለገ ያስላው። አየር የማያስገባ ከረጢት በብዛት ሲገዛ ይረክሳል፣ ብቻችንን ግን አቅማችን አይደርስም። ለሁሉም ማኅበራት በአንድነት ቢገዛልን፣ ዋጋውንም ከትርፍ ክፍፍላችን ቀስ በቀስ ብትቀንሱ አንቃወምም።

ኮንትራቱ ካለቀ በኋላ እትዬ መሬታቸውን አስመልሰዋል። ዘንድሮም ሽምብራ ዘርተዋል። የጥር ማሰሯቸውን ያመጡት ከበዓሉ በፊት ነው፤ መዝኜዋለሁ፣ አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ነበር። «የጎደለውን ለየካቲት» ብለውኝ ሄዱ።